ወይዘሪት ምን ትላላችሁ ባሕር ተሻግረው ሊያስተምሩ ነው

ምክር የሚጠላ ሰው በየቤቱ ሞልቷል። ምክር የሚወድ ሰው ግን ለየመሥሪያ ቤቱ አንድ አንድ ብቻ ነው የሚመደበው። መዳቢው ማን እንደሆነ አላውቅም፤ የተረሳ መሥሪያ ቤት ግን እስካሁን አላየሁም። ይህ ሰው ጫማ ከመግዛቱ በፊት አሥር ሰው ይጠይቃል። ከገዛ በኋላ ደግሞ ሌላ አሥር ይጠይቅና ጫማውን ሊመልስ ይሄዳል።

ለእኛ ትምህርት ቤት የተመደቡልን ክብርት የእንግሊዝኛ መምህርታችን ናቸው። አንቱታው ለማዕረጋቸው ነው። አሥራ አንድ ዓመት አንድ ጠረጴዛ የተጋራን ጓደኛሞች ስለሆንን ከዚህ በኋላ «እሷ» ብላት አትቀየመኝም፤ ብትቀየምም መቀየም ይገባት እንደሆነ መጀመሪያ ሰው ትጠይቃለች።

የመምህራን ማረፊያ ክፍል ያወጣላት ስም «ወይዘሪት ምን ትላላችሁ» ነው። አንድ ጊዜ ለመኝታ ቤቷ መጋረጃ ልትገዛ አስባ ስለ ቀለሙ አንድ ሙሉ ወሰነ ትምህርት አማከረችን። በመጨረሻ ከመስኮቷ ፊት ለፊት የሚኖሩት አዛውንት በሯን አንኳኩተው፣ «ልጄ፣ የፈለገው ቀለም ይሁን፣ በፈጠረሽ ስቀይው» አሏት። ጥርሷን ልታስነቅል ሄዳ ደግሞ አፏን እንደከፈተች ሐኪሙን በእጅ ምልክት «አንተ ብትሆን ታስነቅለው ነበር?» ብላ ጠየቀችው። ሐኪሙ ጥርሱን በመቆንጠጫ ይዞ አሳያትና «አሁንማ ዘገየሽ» አላት።

እንግዲህ እንዲህ ላለች ሴት ነው ያ ደብዳቤ የመጣው።

ሰኞ በዕረፍት ሰዓት፣ ፀጉሯ ላይ ጠመኔ ተበትኖ፣ ደብዳቤው የመጣበትን ስልኳን እንደ ዋንጫ ከፍ አድርጋ ይዛ ገባች። «ተቀበሉኝ! ማለቴ፣ ሊቀበሉኝ ነው! ማለቴ፣ ሐሙስ በቪዲዮ ቃለ መጠይቅ አለኝ! ሁለት ዓመት፣ ባሕር ማዶ፣ ለሕፃናት እንግሊዝኛ ላስተምር! ዓርብ መልስ ስጪ ብለውኛል! ምን ትላላችሁ?»

ማረፊያ ክፍሉ ተናወጠ። የታሪክ መምህሩ «ነገ ዛሬ ሳትይ ሂጂ!» አለ። የስፖርት መምህሩ ብርዱ እንደሚገድላት ማለላት። እሷ ሁለቱንም እኩል አመነች። የዚህች ሴት ችግር ምክር አለመስማት አይደለም፤ የሁሉንም ትሰማለች። ጠዋት ሂያጅ ነች፣ ቀትር ላይ ቀሪ ነች፣ አውቶቡስ ውስጥ አጠገቧ በተቀመጠው ሰው ምክር ደግሞ እንደገና ሂያጅ ሆና ቤቷ ትገባለች።

የትምህርት ቤቱን ዘበኛ ጠየቀች። «ጋሼ፣ እርስዎ ቢሆኑ ይሄዱ ነበር?»

«እኔ ብሆንማ እንግሊዝኛ ስለማልችል አይጠሩኝም ነበር» አሉ። በማግሥቱ ግን ገና ከበሩ ሳትደርስ ጠሯት። «ልጄ፣ ጥያቄሽን ሳሰላስል ዋልኩ። ሃያ ዓመት በር ጠብቄአለሁ። በር የተሠራው ለመዝጋት ብቻ አይደለም።»

ቀሚሷን ልታሳጥር የሄደችበት ልብስ ሰፊ ጥያቄዋን ሳትጨርስ ሜትሩን አንሥቶ ለካፖርት ይለካት ጀመር። ሰባተኛ ክፍሎች ድምፅ እንዲሰጡ አደረገች። አርባ አንዱ «ትቅር» አሉ፣ ስድስቱ «ትሂድ»። ስድስቱም የቤት ሥራ ያልሠሩ ነበሩ።

ቤቷ ገብታ እናቷን ጠየቀች። እናቷ ጡረታ የወጡ አዋላጅ ናቸው፤ ቃል አያባክኑም። «እማዬ፣ አንቺን ትቼ እንዴት ልሂድ? ምን ትያለሽ?»

«በእኔ አታመካኚ» አሉ። «ቀርተሽ ሁለት ዓመት ሙሉ ፊቴ ላይ ከምትተነፍሺብኝ፣ ሄደሽ በስልክ ብትነዘንዢኝ ይሻለኛል። ስልክ ይዘጋል። ደግሞ እህቴ እኔ ጋ ልትገባ ከፈለገች ቆይታለች፤ ክፍልሽን ነው የምትጠብቀው።»

ይህን ስትነግረን እየሳቀች ዓይኗን ትጠርግ ነበር።

ረቡዕ ለት ፈተና እያረምን ሳለ ድንገት ቀዩን እስክሪብቶ አስቀመጠች። «የእኔ እንግሊዝኛ እኮ ከጥቁር ሰሌዳ የወጣ ነው» አለችኝ። «ከመጽሐፍና ከመዝገበ ቃላት ለቃቅሜ ያጠራቀምኩት። እዚያ ሄጄ አፌን ስከፍት ‹ይሄን ማን አስተማረሽ?› ቢሉኝስ?»

ምን ትላለህ እስክትለኝ ጠበቅሁ። አላለችኝም። እስክሪብቶዋን አንሥታ ማረሟን ቀጠለች። ያኔ ነው ልብ ያልኩት፦ ዘበኛ ጠይቃለች፣ ልብስ ሰፊ ጠይቃለች፣ የአውቶቡስ መንገደኛ ጠይቃለች፤ እኔን፣ የአሥራ አንድ ዓመት የጠረጴዛ ጓደኛዋን፣ አልጠየቀችም። እኔ የሒሳብ መምህር ነኝ፤ ለምን መቅረት እንዳለባት በሦስት ነጥብ ከፋፍዬ ተዘጋጅቼ ነበር። ከፋኝ። ምሳዬን ብቻዬን በላሁ።

ሐሙስ ቃለ መጠይቁ በማረፊያ ክፍሉ ሆነ፤ ኢንተርኔቱ የሚሠራው እዚያ ብቻ ስለሆነ። ሁላችንም ላንተነፍስ ምለን ግድግዳው ላይ ተለጠፍን። የስፖርት መምህሩ ቦታ አጥቶ ጠረጴዛ ሥር ገባ። ዘበኛው ውጭ ቆመው ሕፃናቱን ዝም ያሰኛሉ፤ «ዝም በሉ!» የሚለው የእሳቸው ድምፅ ግን ከሕፃናቱ ይብስ ነበር።

ስክሪኑ ላይ ሽበታም ርእሰ መምህርት ብቅ አሉ። የእኛዋ መጀመሪያ ላይ ምላሷ ተሳሰረ። ስንት ዓመት እንዳስተማረች ስትጠየቅ ዕድሜዋን ነገረቻቸው። ላብ በላብ ሆነን ስናዳምጥ፣ ሴትዮዋ «ለመናገር የሚፈራ ልጅ ቢያጋጥምዎ ምን ያደርጋሉ?» አሏት።

ወይዘሪት ምን ትላላችሁ ከወንበሯ ተነሣች። መንተባተቧ የት እንደገባ እንጃ።

«ምክር እጠይቀዋለሁ!» አለች። «‹ዛሬ ጃንጥላ ልያዝ ወይስ ልተው?› እለዋለሁ። ‹ድመቴ አኩርፋኛለች፣ ምን ላድርግ?› እለዋለሁ። ስለ ሰዋስው ሲጠይቁት ዝም የሚለው ልጅ፣ ምክር ሲጠየቅ ዝም አይልም። ቃሉ ቢጠፋው እንኳ በእጁም በእግሩም ብሎ ይመክርዎታል። ለካስ ትልቅ ሰው ነኝ ብሎ ያስባል። ከዚያ በኋላ እሱን ማስቆም ነው የሚቸግረው!»

ድመት የላትም። ይሁን እንጂ ሴትዮዋ ብዕራቸውን አስቀምጠው ሳቁ። እኔ ደግሞ ግድግዳው ላይ እንደተለጠፍኩ ደርቄ ቀረሁ። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ መወሰን የማትችል ሴት አድርጌ ስስቅባት ኖሬአለሁ። ዘበኛው ግን አንድ ቀን ሙሉ የሰው ሕይወት በእጃቸው እንደተሰጠ ሰው በኩራት ሲያስቡ ነው የዋሉት። ማን ሌላ ጠይቋቸው ያውቃል?

ሴትዮዋ «እርስዎስ ጥያቄ አለዎት?» አሉ።

ጠረጴዛው ሥር የስፖርት መምህሩ ራሱን በሁለት እጁ ያዘ።

«አለኝ» አለች። «እርስዎ እኔን ቢሆኑ ይመጡ ነበር?»

ሴትዮዋ መነጽራቸውን አወለቁ። «እኔም ከሌላ አገር ነው የመጣሁት» አሉ። «የመጀመሪያዎቹን ሦስት ወራት አለቀስኩ። ከዚያ በኋላ ማልቀሻ ጊዜ አጣሁ። አዎ፣ እመጣ ነበር። ደግሞ ልጆቼ እንግሊዝኛን እንደነሱ ለፍቶ የተማረ ሰው ነው የሚያስፈልጋቸው። ቦታው የእርስዎ ነው፤ ነገ መልስዎን ይላኩልኝ።»

ስክሪኑ ሲጠፋ የስፖርት መምህሩ በደስታ ዘሎ ሊነሣ ሲል ራሱን ከጠረጴዛው ጋር አጋጨ። የታሪክ መምህሩ አቅፎ አነሣት። ዘበኛው በሩን በርግደው «ምን አሉ? ምን አሉ?» ይላሉ።

ዓርብ ጠዋት፣ ደወል ሊደወል ጥቂት ሲቀረው፣ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። መልሱን ጽፋዋለች፤ አውራ ጣቷ «ላክ» የሚለው ላይ ያንዣብባል።

«እሺ፣ አንተስ ምን ትላለህ?»

«አገሩን ሁሉ ጠይቀሽ አሁን ትዝ አልኩሽ?»

«የሌላውን እሰማና እተወዋለሁ» አለች። «ያንተን ግን አደርገዋለሁ። ለዚያ ነው የፈራሁት።»

ሦስቱ ነጥቦች ጉሮሮዬ ላይ ተሰለፉ። አንደኛ፣ ተማሪዎቿ። ሁለተኛ፣ እናቷ። ሦስተኛው ወረቀት ላይ እንኳ በወጉ አልጻፍኩትም፤ አጠገቤ ባዶ የሚቀረውን ወንበሯን የሚመለከት ነበር።

«ሂጂ» አልኳት።

«በቃ? ምክንያት የለውም?»

«የለውም። ሂጂ።»

ጣቷን ጫነች። ከዚያ ከመጮኋ የተነሣ ደወሉ መደወሉን የሰማ ሰው የለም።

ስምንተኛ ክፍል ገባሁና ለተማሪዎቼ ጀርባዬን ሰጥቼ ሰሌዳው ላይ መጻፍ ጀመርኩ። ጻፍኩ፣ ጻፍኩ።

«ቲቸር» አለች ፊት ወንበር ላይ የምትቀመጥ ልጅ፣ በትሕትና፣ «ሰባትና ስምንት አሥራ ሦስት አይሆንም እኮ።»

«አውቃለሁ» አልኩ ሳልዞር። «አንድ ጊዜ ታገሡኝ።»