የአክስቴ ማሽን

እኛ ማሽንን የምናከብረው በቁመናው ነው። ዱሮ መርፌ ያልወጋ ሐኪም አላከመም ይባል ነበር፤ ዛሬ ደግሞ ሰውን ሙሉ በሙሉ የማይውጥ ማሽን አልመረመረም እንላለን። ማሽኑ ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጥ ከሆነማ ጨርሶ አንቆጥረውም። እናንተን ማለቴ አይደለም፤ ጎረቤቶቻችሁን ነው።

እኔ በበኩሌ የማከብረው ሠንጠረዥ ነው። ጫማ ስገዛ እንኳ ሦስት ሱቅ አወዳድሬ፣ ጽፌ፣ ደምሬ ነው የምወስነው። ወስኜ ስመለስ ጫማው ተሽጦ ይጠብቀኛል።

ያሳደገችኝ አክስቴ አስካለ የወረዳ መዝገብ ቤት ሠራተኛ ናት፤ ሃምሳ አራት ዓመቷ ነው። ከእጇ ፋይል፣ ከአፏ ምሥጢር ወጥቶ አያውቅም። የካዛንቺሱ ቤታችን ከፈረሰ ወዲህ ጎተራ ኮንዶሚኒየም ነው የምትኖረው። አንድ እሑድ ልጠይቃት ብሄድ የቴሌቪዥኑን ድምፅ ከፍ አደረገችና ግራ ጡቷ ውስጥ የባቄላ ፍሬ የምታክል እብጠት እንዳገኘች ነገረችኝ።

«ለማንም እንዳትናገር» አለች። «አንተ ጠንቃቃ ነህ፤ የትኛውን ምርመራ ማድረግ እንዳለብኝ አጣራልኝ።»

ጠንቃቃ መባል ደስ ይላል። ግን ከደስታው ፍርሃቱ በለጠብኝ፤ ከእሷ ሌላ እናት የለኝም። የፈራ ሰው የሚያውቀውን ይሠራል፤ እኔም ሠንጠረዥ ሠራሁ። በአንድ በኩል ማሞግራፊ የሚሉት የጡት ራጅ፣ አልትራሳውንድ፣ ኤም አር አይ፣ ሲቲ ስካን፤ በሌላው ሕመም፣ ጨረር፣ ወረፋ፣ ጥራት፤ ለእያንዳንዱም ነጥብ። የጎደለኝን ለመሙላት «አንዲት የማውቃት ሴት አለች» ብዬ የእድራችን የቴሌግራም ግሩፕ ላይ ጠየቅኩ። ሰፈሩ ቢበተንም እድሩ እዚያ አልተበተነም።

ምክሩ ዘነበ። አንዱ ኤም አር አይ የወንድሙን ጉልበት አንድም ሳያስቀር እንዳሳየ መሰከረ። አንዷ ማሞግራፊ ጡት እንደሚጨፈልቅ አስጠነቀቀች። ሴትየዋ ስንት ዓመቷ ነው፣ እብጠት አግኝታ ነው ወይስ እንዲያው ለቅድመ ምርመራ፣ ብሎ የጠየቀ አንድ ሰው አልነበረም። ለነገሩ እኔም ለዕድሜ ዓምድ አልከፈትኩለትም።

ወዲያው ስልኬ ጮኸ። አክስቴ ናት። እሷም ግሩፑ ውስጥ መኖሯን ረስቼ ነበር።

«ያቺ የምታውቃት ሴት ምን ሆና ነው?» አለች ረጋ ብላ። ከዚያም የሕመሙ ነጥብ በሁለት እንዲባዛ አዘዘች። ተባዛ፤ አልትራሳውንድ አሸነፈ። ተጠራጠርኩና እንደገና ደመርኩ። አሁንም ተጠራጠርኩ።

ሐኪም ዘንድ ስንደርስ ሠንጠረዤን በቀለም አሳትሜ ይዤ ነበር። ዶክተሯ በእኔ ዕድሜ ያለች ሴት ናት። ወረቀቱን ረጅም ጊዜ አየችው። ወደ አክስቴ ዞረችና «መቼ ነው ያገኙት?» አለቻት።

«ሦስት ሳምንቱ» አለች አክስቴ፣ እኔን እያየች።

«ሦስት ሳምንት ሙሉ ምን ስትጠብቁ ነበር?»

ጠረጴዛው ላይ ያለውን ወረቀት በጣቴ አሳየሁ።

ዶክተሯ አልሳቀችም። ማሽኖቹ ውድድር ላይ አይደሉም፣ እያንዳንዱ ተራ አለው አለችን። መጀመሪያ እጅ ይዳስሳል። አርባን አልፋ እብጠት ላገኘች ሴት ማሞግራፊ ይቀድማል፤ ከዚያ አልትራሳውንድ እዚያችው ቦታ ላይ ገብቶ ውሃ ትሁን ሥጋ ይለያል፤ ካጠራጠረ በመርፌ ናሙና ይወሰዳል። ሠላሳ ላልሞላት ልጅ ቢሆን በአልትራሳውንድ ይጀመር ነበር። ኤም አር አይ ሌላ ጥያቄ ሲኖር የሚጠራ ነው። ሲቲ ስካንን በእስክሪብቶ ሰረዘችው።

አክስቴ ማሞግራፊ ክፍል ገባች። ኮሪደሩ ላይ የወለሉን ሴራሚክ ስቆጥር ሁለት ጊዜ ቁጥሩ ጠፋብኝ። ስትወጣ ጨፍልቋት እንደሆነ ጠየቅኳት።

«ከኦሎምፒያ ታክሲ አይብስም» አለች። «ይሄ እንዲያውም ቶሎ ያወርዳል።»

ቀጥሎ በአልትራሳውንዱ ታየች። ውሃ የቋጠረች ከረጢት ብቻ ናት ተባለ፤ መርፌም አላስፈለጋትም። ዜናውን ስሰማ እግሬ ከዳኝ። ታማሚዋ ደግፋ አስቀመጠችኝ። ዶክተሯ ከእንግዲህ እብጠት ባይኖርም በቀጠሮዋ እየመጣች ማሞግራፊ እንድትነሳ ነገረቻት።

ምሥጢር የማይወጣው ያ አፍ ከዚያን ቀን ወዲህ ተከፈተ። አክስቴ አሁን ግሩፑ ላይ በገዛ ስሟ ትሰብካለች፤ መድኃኒቱ አንድ ነው፣ ማሞግራፊ። ባለፈው ሳምንት የጎረቤቷ ልጅ ሰላም እብጠት ብታገኝ፣ ማሞግራፊ ወደሚነሱበት ይዣት እንድሄድ ደውላ አዘዘችኝ። ሰላም ሃያ አራት ዓመቷ ነው። ለእሷ ዕድሜ በአልትራሳውንድ ነው የሚጀመረው አልኳት።

አክስቴ «የእኔን ማሽን ናቅኸው?» አለችና ዘጋችው።

በዝርዝር ላስረዳት ኮምፒውተሬን ከፈትኩ። ሁለት ዓምድ ካሰመርኩ በኋላ የድሮው ሠንጠረዤ ትዝ አለኝ። አክስቴ በወጉ ፋይል አድርጋዋለች፤ ሽፋኑ ላይ በዚያ በመዝገብ ቤት እጅ ጽሑፏ «ሦስት ሳምንት የዘገየ ጉዳይ» ይላል።

ኮምፒውተሩን ዘጋሁና ለሰላም ደወልኩ። ሐኪም ዘንድ ልወስዳት ነገ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ በሯ ላይ እንደምደርስ ነገርኳት።