እትዬ ሸዋረገድና ጣራ ያለው ፉትቦል

እዚህ አሜሪካ ሐበሻ የተከራየበት አፓርታማ ሁሉ፣ የወደቀው ሰው ሳይደነግጥ ቀድመው የሚደነግጡለት አንዲት እናት አሉት። ካላመናችሁ ሲልቨር ስፕሪንግን አዳርሳችሁ ስትጨርሱ ታኮማ ፓርክንና አስፐን ሂልን ጨምሩበት።

የእኛ ሕንፃ ዋና ደንጋጭ ክብርት እትዬ ሸዋረገድ ናቸው። ሰው ሲደናቀፍ ሁላችንም "እኔን!" እንላለን፤ ብለንም እናልፋለን። እሳቸው አያልፉም። ፖስተኛው በረዶ አንሸራቶት የወደቀ ዕለት፣ "እኔን ድፍት ያርገኝ!" እያሉ በነጠላ ጫማ ወጥተው ጉልበቱን ሲያሹለት አረፈዱ። የሰፈሩ ደብዳቤ ያን ቀን አልደረሰም። አውቶቡስ ፍሬን ሲይዝ "እኔን!" ነው። ፊልም ላይ ሰውዬው ከፈረስ ሲወድቅም "እኔን!" ነው። ልጃቸው ዕዝራ "ማሚ፣ ሙቪ እኮ ነው!" ሲላቸው፣ "ይሁና! መሬቱስ የእውነት አይደለም?" ይላሉ። እኔማ ቤታቸው ከእኔ በታች ስለሆነ፣ በራቸው ጋ እንዳልደናቀፍ ደረጃውን እንደ ሙሽራ ነው የምወርደው።

አሁን ጉዱን ስሙ። ዕዝራ እዚሁ ተወልዶ ያደገ፣ አርሊንግተን ቢሮ የሚሠራ የሃያ አራት ዓመት ጎረምሳ ነው። ሃይስኩል እያለ የአሜሪካን ፉትቦል፣ ያንን ኳስ ታቅፈው የሚገጫጩበትን፣ ልጫወት ቢል፣ "በዚህ ብርድ? ሳንባህን ሊመታህ?" ብለው የከለከሉት እናቱ ናቸው። ልጁ እሺ ብሎ ተወው፤ ከልቡ ግን አልወጣለትም። በፈረንጆቹ 2017 መጀመሪያ ላይ ለሚመጣው የውድድር ሲዝን ተጫዋች የሚመርጥ አንድ ፕሮፌሽናል ቡድን ተገኘ፤ ጨዋታው አዳራሽ ውስጥ ነው። ዕዝራ ትራይ አውት ተፈተነና የመጀመሪያውን ዙር አለፈ፤ ሁለተኛውንም አለፈ።

"ፈቀዱለት እንዴ?" አልኳቸው፣ ክው ብዬ።

"ኢንዶር ነው" አሉኝ ፈገግ ብለው። "ጣራ አለው፤ ንፋስ አይገባ! ምን ያገኘዋል ብለህ ነው?"

በስመ አብ! እኚህ ሴት ከፉትቦል አደጋ ሁሉ የሚያውቁት ብርዱን ብቻ ነበር። በአዳራሹ ፉትቦል ሜዳው ጠባብ ነው፤ ዙሪያውን ስፖንጅ የለበሰ አጥር አለ፤ ተመልካቹ አጥሩ ሥር ነው የሚቀመጠው፤ የተገጨ ተጫዋች አንዳንዴ ሰው ጭን ላይ ያርፋል። ይህን ማን ደፍሮ ይንገራቸው? እኔ እንደሆን አልነገርኳቸውም።

የመጨረሻው የምርጫ ልምምድ እዚሁ ቅርብ አሌክሳንድሪያ ከተማ ሆነ፤ ቤተሰብም ተጋበዘ። የቀረው ቦታ አንድ ነው፤ የቀሩት ተወዳዳሪዎች ደግሞ ዕዝራና ሌላ ልጅ። ዕዝራ በዋዜማው ኮል አደረገልኝ።

"ጋሼ፣ ፕሊስ አጠገቧ ቁጭ በልልኝ። ማሚ ፍሪክ አውት አድርጋ ከጮኸች አለቀልኝ። ኮቹ ቀልድ አያውቅም።" እሺ አልኩት።

ክብርትነታቸው ፊተኛውን ረድፍ ያዙ፤ ጋቢም ይዘዋል። ለምን ብላቸው፣ "በሩ በተከፈተ ቁጥር ንፋስ ይገባል" አሉኝ። ቀና ብለው አዩና "ጥሩ ጣራ ነው" ብለው አመሰገኑ።

ፊሽካ ተነፋ። በር የሚያህል ሰውዬ ኳሱን ታቅፎ በእኛ በኩል ሲከንፍ፣ ያ ቀጭኑ ዕዝራ ከየት መጣ ሳይባል ገጨው። ሰውዬው በአጥሩ ላይ ተሻግሮ እትዬ ሸዋረገድ ጭን ላይ ዘጭ አለ።

"እኔን! እኔን ድፍት ያርገኝ፣ የኔ ልጅ!"

የኔ ልጅ የተባለው ሰውዬ የእሳቸው ሦስት እጥፍ ይሆናል። ጎናቸው አስቀመጡትና ጋቢውን አለበሱት፤ ጉልበቱንም ማሸት ጀመሩ። "እትዬ፣ ይልቀቁት፣ ጨዋታ ነው!" ብል ማን ሰምቶኝ! ይባስ ብለው ብድግ አሉ።

"ዕዝራ! ና ወዲህ! የሰው ልጅ እንዲህ ይጣላል?"

"ማሚ! ዚስ ኢዝ ማይ ጆብ!"

"ሥራህን በኋላ ትሠራለህ። መጀመሪያ ይቅርታ በለው!"

ኮቹ ፊሽካውን ከአፉ አወጣ። ያ ቦታውን የሚሻማው ልጅ ሳቁን ለመደበቅ ፊቱን አዞረ። ዕዝራ ኮቹን አየ፣ እናቱን አየ፣ ወደ እኔ ዞረ። እኔ ጣራውን ማየት ጀመርኩ።

ሄልሜቱን አወለቀ። አንገቱን ደፍቶ መጣና ሰውዬውን ይቅርታ ጠየቀው፤ ትከሻ ለትከሻም ተሳሳሙ። ዓይኑ እንባ አቅርሯል። አለቀለት አልኩ። ይህን ሁሉ ዓመት የጠበቀውን ነገር እናቱ ዓይኑ እያየ ገደሉበት ብዬ፣ እውነቴን ነው፣ በእትዬ ሸዋረገድ ተናደድኩ።

ኮቹ ወደ እኔ መጣ። "ምንድነው ያሉት?" አለኝ። ቃል በቃል ነገርኩት። ከዚያ ወደ ባለጋቢው ዞሮ "ደህና ነህ?" ቢለው፣ "ትንሽ ልቆይ፣ ኮች፤ ይሞቃል" አለው።

"ዛሬ እንዲህ አድርጎ የመታ አላየሁም" አለ ኮቹ። "እንዲህ መትቶ፣ ሲጠሩት የሚመጣ ደግሞ በዕድሜዬ አላየሁም። ልጁ የእኔ ነው።"

"ምን አለህ?" አሉኝ እትዬ ሸዋረገድ።

"ዕዝራን ወሰዱት፣ እትዬ። አለፈ!"

ደስታውም ድንጋጤውም አንድ ላይ መጣባቸውና አፋቸውን በነጠላቸው ጫፍ ያዙ። ሜዳው ላይ ልጃቸውን ጓደኞቹ እየተሯሯጡ ያቅፉታል። "ለካ ጣራ ብቻውን አይበቃም" አሉ ቀስ ብለው። አሁን ይከለክሉታል ብዬ ስጠብቅ፣ "እንግዲያው እኔ ከዚህ ወንበር አልነሳም። የወደቀውን ሁሉ ማን ያንሳው?" አሉኝ።

ከዚያ ወዲህ አንድ ልምምድ አላመለጣቸውም። ባለፈው ቅዳሜ ላውንድሪ የሚገባ ልብሴን ታቅፌ ስወርድ ደረጃው ከዳኝና እየተንከባለልኩ በራቸው ሥር ተዘረጋሁ። እንደተጋደምኩ ጠበቅሁ። "እኔን!" የሚል የለም። በሩ አልተከፈተም፤ ለካ አሌክሳንድሪያ ናቸው። አንድ ጎረቤት ካልሲዎቼን ተራምዶ "ሃይ" ብሎኝ አለፈ። ጉልበቴ ደህና ነበር፤ ሆዴን ግን ባር ባር አለው።

ሲዝኑ ኤፕሪል ላይ ይጀመራል። ትኬት ይዣለሁ፤ ፊተኛው ረድፍ፣ ከእሳቸው ወንበር ቀጥሎ። ስለ ፉትቦሉ እስካሁን ምንም አልገባኝም። መውደቄ ካልቀረ ግን እሳቸው አጠገብ ልውደቅ።