የትንሿ መኪና አመል

ሹመት ለሰው ይሰጣል፤ መከራውን የሚያየው ግን ንብረቱ ነው። ይህን ጥልቅ እውነት በትዕግሥት የተሸከሙት፣ ሰፈሩ በአክብሮት «ተጠባባቂው» የሚላቸው ሰው ናቸው። የመሥሪያ ቤታቸው ኃላፊ ጡረታ ሲወጡ በተጠባባቂነት ተተኩ፤ ከተተኩ በኋላ ደግሞ ለዓመታት በታማኝነት ያገለገለቻቸው ትንሽ መኪና አመል አወጣች። አንድ ቀን ቁልፍ ሲያዞሩ እሺ ብላ ትነሣለች፤ በማግስቱ ትንፍሽ አትልም። አታጓራ፣ አታስነጥስ፣ ጭስ አትተፋ። ዝም።

ተራ ሰው ቢሆን «ተበላሸች» ብሎ ያልፍ ነበር። ተጠባባቂው ግን ነገርን ከሥሩ መመርመር የለመዱ ናቸውና ቁርስ ላይ ለባለቤታቸው አብራሩ።

«ይህቺ መኪና የመልካም አስተዳደር ችግር አለባት።»

«ለእኔ ሁልጊዜ ትነሣልኛለች» አለች ሚስት ዳቦ እየቆረሰች።

«አየሽ? አድልዎም አለባት ማለት ነው።»

መካኒክ ተጠራ። ሰዉ «ዶክተር» ይለዋል፤ ኮፈን ላይ ጆሮውን ለጥፎ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ሞተር የሚያዳምጥ የተከበረ ባለሙያ ነው። ቱታው በግራሶ የተነከረ ስለሆነ መቀመጫውን እንዳያቆሽሽ ጫፉ ላይ ብቻ ቁብ ብሎ ቁልፉን አዞረ። መኪናዋ ወዲያው ተነሣች።

«ጋሼ፣ ይቺ እኮ ደህና ናት።»

«አንተን አይታ ነዋ! እኔ ስገባ ነው የምትታመመው።»

ዶክተር ባዶ እጁን መሄድ ሙያውን እንደሚያስነካበት ስለተሰማው «እንግዲያው ባትሪው ነው» አለ። ባትሪው ተለወጠ። በማግስቱ መኪናዋ እምቢ አለች። ሞተሪኖው ነው ተባለ፤ ሞተሪኖውም ተለወጠ። ካንዴላዎቹ ተጠረጠሩ፤ ጤነኛ መሆናቸው እየታወቀ እነሱም ተሰናበቱ። አንድ ዕቃ በተለወጠ ቁጥር ዶክተር ጫፉ ላይ ቁብ ይላል፣ መኪናዋ ትነሣለች፣ ሁለቱ ሰዎች ይጨባበጣሉ። በባለሙያና በባለጉዳይ መካከል እንዲህ ያለ መግባባት ከስንት አንዴ ነው የሚገኘው።

ጦሱ የተረፈው ለእማማ ነበር። እማማ የሚስትየዋ እናት ናቸው፤ ዓይናቸውን ሞራ ጋርዶባቸው የልጅ ልጆቻቸውን በድምፅ ብቻ መለየት ከጀመሩ ሰነባብተዋል። ስንት ጠብቀው ያገኙት የቀዶ ሕክምና ቀጠሮ መኪናዋ ዝም ባለችበት ማለዳ ላይ ዋለ።

«ታክሲ ልጥራ» አለች ልጃቸው።

«የኃላፊ አማት በታክሲ? ሰው ምን ይላል?» አሉ ተጠባባቂው። ከዚያ ስለ መኪናዋ ጠባይ ሰፊ ማብራሪያ ሰጡ። ማብራሪያው ግሩም ነበር፤ ሲያልቅ ተራውም አልፎ ነበር።

ሁለተኛው ቀጠሮ ሲደርስ ሐኪሙ «ዛሬ ከቀሩ ለከርሞ ነው» የሚል ቃል ላከ። ሁሉም ተሳፈሩ፤ እማማ ከአማቻቸው ጀርባ፣ ሚስት ከጎን። ቁልፉ ዞረ። ዝም።

«ጊዜያዊ ተግዳሮት ነው» አሉ ተጠባባቂው።

ሚስት ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። ከኋላ ግን የእማማ ድምፅ ተሰማ።

«ልጄ፣ መሄዱ ከቀረ እንኳ ይህን ወንበርህን ወደፊት ሳብልኝ። ጉልበቴን ፈጨኸው እኮ!»

ነገሩ እንዲህ ነው፤ ተጠባባቂው ከተሾሙ ወዲህ ወንበራቸውን እስከ መጨረሻው ወደኋላ ገፍተው፣ ተንጋለው፣ መሪውን በጣታቸው ጫፍ ይዘው ነበር የሚነዱት። መሪ ላይ የሚደፋ ሹም ሹም አይመስልማ። አሁን ግን አማት ናቸውና ይሉኝታ ያዛቸው። ወንበሩን ሳቡት። ጉልበታቸው ከመሪው ተላተመ፣ አገጫቸው መስታወቱን ሊስም ደረሰ። ቁልፉን አዞሩ። ተነሣች!

«እግርህ ነዋ!» ብላ ሚስት ጮኸች። «ፍሪሲዮኑ እስከ ታች ካልተረገጠ አትነሣም! እኔ ሁልጊዜ ወንበሩን ስቤ ነው የምነዳው። አንተ ከዚያ ማዶ ሆነህ እግርህ አንዴ ይደርሳል፣ አንዴ አይደርስም!»

«የእኔ እግር የማይደርስበት ቦታ የለም» አሉ ተጠባባቂው፣ ክብራቸው ተነክቶ።

«ደረሰም አልደረሰም፣ ንዳ!»

ደረሱ። ሐኪሙ ከአንደኛው ዓይን ሞራውን ገፎ በፋሻ ሸፈነው፤ ሌላው በሌላ ቀን ይሆናል ተባለ። ሚስት ከደስታዋ ብዛት ባሏን ሳመች።

ሲመለሱ ተጠባባቂው «ለአንዲት ፊርማ» ወደ መሥሪያ ቤታቸው ታጠፉ። የግቢው በር ከመታየቱ በፊት ግን መኪናዋን ጥግ አስይዘው ወንበሩን «ቀጭ» አድርገው ወደ ጥንት ቦታው መለሱት።

«ኧረ ጉልበቴ!» አሉ እማማ።

«ምን ነካህ?» አለች ሚስት።

«ጥበቃው ያየኛል።»

በግርማ ገቡ፤ ፈረሙ፤ በግርማ ተመልሰው ተቀመጡ። ቁልፉን አዞሩ። ዝም።

ሠራተኛው ልማዱን ያውቃል። ማንም ሳይጠራው ኮቱን እያወለቀ ወጣ፤ የሒሳብ ሹሙ፣ ጸሐፊዋ፣ ከሁሉም ፊት የሰው ኃይል አስተዳዳሪው።

«ሳበው» አለች ሚስት በሹክሹክታ።

«ይህ ሁሉ ሰው እያየኝ?» አሉ ተጠባባቂው፣ ጥርሳቸውን ገጥመው ለሠራተኛው እጃቸውን እያውለበለቡ።

መግፋት ተጀመረ። ወደ በሩ የሚወስደው መንገድ ዳገት ነው፤ ሰዉ አቃሰተ፣ ላቡ ተንቆረቆረ። እማማን የሰዉ ማቃሰት አንጀታቸውን በላው። መስኮቱን ዝቅ አድርገው፣ አንደኛው ዓይናቸው በፋሻ እንደታሰረ አንገታቸውን አወጡ።

«እናንተ ልጆች፣ በከንቱ አትልፉ! መኪናዋ ደህና ናት! ይልቅ ወንበሩን ይልቀቅ በሉት!»

እጅ ሁሉ ባለበት ደረቀ። በዚያ ግቢ ስለ አለቃ ወንበር ድምፁን ከፍ አድርጎ የተናገረ ሰው ከዚያ በፊት አልነበረም። ጸሐፊዋ ሰማይ ሰማዩን አየች። የሒሳብ ሹሙ ድንገት ጫማውን ማሰር ጀመረ፤ ጫማው ክር አልነበረውም። መኪናዋ ቀስ እያለች ወደኋላ ተንሸራተተች።

ቀድሞ የነቃው የሰው ኃይል አስተዳዳሪው ነበር። ትከሻውን ከመኪናዋ ጀርባ አስደግፎ ጮኸ።

«ግፉ! ማንም ምንም አልሰማም! ግፉ!»

ገፉ። በዚያ መሥሪያ ቤት ታሪክ ሰው እንዲያ በአንድ ልብ ሠርቶ አያውቅም።