የሃጂ ቢዳር እንኳን ደስ አለህ

ፀጉሩን ያጣ ሰው ያዝናል፤ ይህ የታወቀ ነው። ነገር ግን በየከተማው ፀጉሩን አጥቶ ያላዘነ አንድ ሰው አይጠፋም፤ መፈራት ያለበት እሱ ነው። ያዘነው ሰው ቆቡን ዝቅ አድርጎ ጥግ ጥጉን ያልፋል፤ ማንንም አያስቸግርም። ያላዘነው ግን ደስታውን ለብቻው መያዝ አይችልም። የሰው ሁሉ አናት እንደ እሱ አናት እስኪያበራ ድረስ ዕረፍት የለውም።

የቡርዖ ከተማ ያላዘነ ሰው ሃጂ ሒርሲ ናቸው። ሃጂ ሒርሲ ብሎ የሚጠራቸው ግን የለም። በቡርዖ ግማሹ ወንድ መሐመድ፣ ግማሹ አህመድ ስለሆነ ሰው የሚለየው በቅጽል ስሙ ነው። አንካሳው አንካሳ፣ ገጣጣው ገጣጣ ይባላል፤ ያውም ፊት ለፊት። ነውር የሚሆነው ከኋላ ሲባል ነው። ክቡር ሃጂ ሒርሲም ቢዳር ይባላሉ፤ በሶማልኛ ራሰ በራው ማለት ነው። ይህን ስም ማንም አላወጣላቸውም፤ ራሳቸው አውጥተው ራሳቸው አጸደቁት። የከብት ገበያው አንጋፋ ደላላ ናቸውና የሌላውንም ሰው ስም የሚያወጡት እሳቸው ናቸው። አንዴ ካወጡ እስከ መቃብር ነው፤ ልጅም ይወርሰዋል።

ሃጂ ቢዳር ሰው ሲያገኙ መጀመሪያ ጤናውን አይጠይቁም። ዓይናቸው ከቅንድቡ ይነሳና ቀስ እያለ ወደ ላይ ይወጣል። ከዚያ በኋላ እጁን ይጨብጡታል። "ግንባር ጨምረሃል፤ እንኳን ደስ አለህ።" ይህን በሠርጉ ቀን ለሙሽራ ብለዋል፣ አማቶቹ በተቀመጡበት። ለቅሶ ቤት ገብተው የሟቹን ልጅ በወጉ ካጽናኑ በኋላም፣ "አባትህ ደግ ሰው ነበር፤ አናቱን ላንተ ትቶልህ ነው የሄደው፤ እንኳን ደስ አለህ" ብለዋል።

አንድ የትምህርት ቤት ሹም ነበር፣ ከጆሮው በላይ የቀረችውን ፀጉር አሳድጎ በአናቱ ላይ ወደ ማዶ ጆሮው የሚያሻግራት። የቡርዖ ነፋስ ደግሞ ሹም አያውቅም። ነፋሱ ፀጉሯን ብድግ አድርጎ እንደ ባንዲራ ሲያቆማት ሃጂ ቢዳር ከመንገዱ ማዶ ቆመው፣ "ወንድሜ፣ ያቺን ምስኪን ለምን ታንከራትታታለህ? መሄድ ፈልጋለች፣ አሰናብታት" አሉት። መንገደኛው ሁሉ ሰማ። ሰውየው በማግሥቱ አሰናበታት። አሁን ባገኛቸው ቁጥር በግመል ወተት የፈላ ሻይ ይጋብዛቸዋል፤ ሃጂም ሻዩን እየጠጡ ሥራው በትክክል መሠራቱን ይመረምራሉ።

ፀጉር የሚያበቅል ቅባት የሚሸጥ ነጋዴ ከሐርጌሳ መጥቶ ገበያው መሐል ሲለፍፍ ደግሞ ሃጂ ቢዳር ሰዉን ገፋ ገፋ አድርገው ከፊቱ ቆሙ።

"ቆብህን አውልቅ።"

"የምሸጠው ቅባቱን ነው እንጂ ራሴን አይደለም፣ ሃጂ።"

"እኔ ደግሞ እናቲቱን ሳላይ ወተት አልገዛም።"

ነጋዴው ዕቃውን ሰበሰበ። ቆቡን ግን አላወለቀም።

የመካ ጉዟቸውንማ ያልሰማ ግመል እንኳ በቡርዖ የለም። "ሰው ሁሉ ፀጉሩን ለመላጨት ተሰልፏል" ይላሉ። "ተራዬ ደረሰ። ላጩ አየኝ፤ አየሁት። ‘አንተ ዘንድ አላህ ቀድሞኛል’ ብሎ ምላጩን ለወጉ ያህል አሳርፎብኝ አሳለፈኝ። እናንተ በየቀኑ ለሶላት ውዱእ ስታደርጉ ውሃው የሚያገኘው ፀጉራችሁን ነው፤ እኔን ግን እኔኑ ያገኘኛል።" በዚህ ላይ የሃይማኖት አዋቂዎች የሚሉት ይኖራቸዋል፤ እስካሁን ግን ከሃጂ ጋር ለመከራከር የደፈረ አልተገኘም።

ወጣቱ ደላላ ሮብሌ ከእኚህ ሰው የሚሸሸው በምክንያት ነበር።

ሮብሌን ቲማዌይን ያሉት ሃጂ ቢዳር ናቸው፤ ባለ ትልቁ ፀጉር ማለት ነው። በገበያው አቧራ ውስጥ ከሩቅ የሚታየው ጎፈሬው ነበር። ከገጠር መንጋ ነድቶ ለሚመጣ ሰው፣ "ያንን ጎፈሬ አይተህ ሂድ፣ እሱ አይበድልህም" ይባል ነበር። በበጋው መጀመሪያ ከማጅራቱ በላይ አንድ ክብ ራቁት ቦታ ወጣ። ቀጥሎ ከጆሮው በላይ ሌላ። ከዚያማ ክቦቹ ተጠራርተው መጡ። ሐኪሙ፣ በሽታው አይገድልም፣ አይጋባም፣ ፀጉሩ ሊመለስ ይችላል፣ ላይመለስም ይችላል አለው። ሮብሌ ደላላ ነውና እንዲህ ያለ መልስ ሲሰማ ዋጋ እየተደበቀበት መሆኑ ይገባዋል።

ሚስቱ ዴቃ የጥቁር አዝሙድ ዘይት ቀባችው፤ ቅጠል ወቅጣ ለጠፈችበት። አንድ ቀን ዘይቱን ከድና አስቀመጠችና እንዲህ አለችው።

"እውነቱን ልንገርህ? ማበጠሪያዬ ከተመለሰልኝ ወዲህ ተመችቶኛል። አንተም ብትሆን የምታዝነው ለፀጉርህ አይደለም፤ ለስምህ ነው።"

እውነቷን ነበር። ሃጂ ቢዳር ያዩት ቀን ቲማዌይን ቀርቶ ሌላ ስም ይወጣለታል። ምን ይሉት ይሆን? ዝንጉርጉሩ? ብል የበላው? የበኩር ልጁ ትምህርት ቤት ሲገባ የብል የበላው ልጅ ተብሎ ሊጠራ ነው። ቆብ እንዳያደርግ ክቦቹ ከቆቡ በታች ብቅ ብለው ያሳጡታል። ስለዚህ ረጅሙን የትከሻ ፎጣ በራሱ ላይ ጠመጠመ። ነፋሱን ስለማያምን ደግሞ ማንም ወንድ የማያደርገውን አደረገ፤ ከውስጥ በኩል ማጅራቱ ላይ ጠበቅ አድርጎ ቋጠረው።

እዚህ ላይ ችግር መጣ። በቡርዖ የከብት ዋጋ በአፍ አይጠራም። ሁለቱ ደላሎች እጅ ለእጅ ይያያዛሉ፣ በላዩ ላይ ፎጣ ይጣላል፣ ከፎጣው ሥር ጣት ጣትን እየጨመቀ ይነጋገራል። ፊታቸው ስለ ዝናብ ያወራል፤ ጣታቸው ስለ በግ። ፎጣውን የሚያወጣው ደግሞ የገዢው ደላላ ነው፤ ሮብሌም የገዢ ደላላ ነበር። አንድ ቀን የዴቃን ባለ አበባ ሻሽ ይዞ ቢመጣ ገበያው ቀኑን ሙሉ ሲስቅበት ዋለ። ከዚያ ወዲህ መላ አገኘ፤ የፎጣውን አንድ ጫፍ ራሱ ላይ እንደ ተጠመጠመ ትቶ ሌላውን ጫፍ በእጆቹ ላይ መጣል ጀመረ።

ይህ መላ እስከ አረፋ መዳረሻ ሠራ። ያኔ ግን በግ ወደ ባሕር ማዶ የሚልክ አንድ የበርበራ ነጋዴ መርከቡ ወደብ ላይ ስለቆመ አንድ ትልቅ የበግ መንጋ እንዲገዛለት ለሮብሌ አደራ ሰጠው። የሻጩ ደላላ ዱዓሌ ነበር፤ ከባድ እጅ ያለው፣ ሲደራደር ክንድ የሚነቅል ሰው። ከፎጣው ሥር ዱዓሌ ዋጋ ሰቀለ። ሮብሌ እንቢ ብሎ እጁን ሊያወጣ ሲል ዱዓሌ እጁንም ፎጣውንም አንድ ላይ ጨብጦ ወደ ራሱ ሳበ። ፎጣው ራስን ሳበ። የሮብሌም ራስ በሰው ሁሉ ፊት ዝቅ አለ፣ ቀና አለ፣ እንደገና ዝቅ አለ።

"እሺ አለ!" አሉ የቆሙት ሰዎች።

በዚያ ገበያ እጅ ተያይዞ ራስ ዝቅ ካለ ነገር አልቋል። በጎቹ ወደ መኪናው መነዳት ጀመሩ። ዋጋው ነጋዴውን የሚያከስር ነበር፤ ነጋዴው ከከሰረ ደግሞ ሮብሌን ዳግመኛ የሚያምን ገዢ ከበርበራ አይመጣም። ሮብሌ ጮኸ። ዱዓሌ ማለ። ነገሩ ከዛፉ ጥላ ሥር ለተቀመጡት ዳኛ ቀረበ፤ ዳኛው ሃጂ ቢዳር ነበሩ።

"እንደ እንሽላሊት ነው ራሱን የነቀነቀው" አለ ዱዓሌ። "ይኸው ሰዉ ምስክሬ ነው።"

"አልነቀነቅኩም። ጎትተኸኝ ነው።"

"እኔ የያዝኩት እጅህን ነው፤ ራስህን ማን ያዘው? እጅና ራስ በምን ይገናኛሉ?"

"በፎጣው።"

"ፎጣ እኮ ይሳባል፣ ይወልቃል። እኛስ ፎጣ አናደርግም? ሲጎትቱት ከራሳችን ላይ ይወድቃል እንጂ ራሳችንን ይዞ አይሄድም።"

"የእኔ አይወድቅም። ከሥሩ ተቋጥሯል።"

ዱዓሌ ሳቀ። "ፎጣ የሚቋጥር ወንድ የት አይተሃል? ካልክ ቋጠሮውን አሳየና።"

ቋጠሮው ከውስጥ ነው፤ የላዩ ካልተፈታ አይታይም። ሮብሌ ዙሪያውን ተመለከተ። ገበያው ግማሹ እዚያ ቆሟል። ከፊቱ ደግሞ ያ የተፈራ ዓይን አለ። የሃጂ ቢዳር ዓይን ግን ያን ዕለት ወደ ላይ አልወጣም፤ ፊቱ ላይ ቆመ።

"ሌላ ማስረጃ ካለህ አምጣ፣ ልጄ" አሉት። "እኔ አልቸኩልም።"

ሌላ ማስረጃ አልነበረውም። ሮብሌ የላዩን መጠምጠሚያ ፈታ። መጀመሪያ ከጆሮው በላይ ያለው ክብ ታየ፤ ከዚያ የአናቱ፤ ከዚያ የማጅራቱ፣ በላዩ ላይም ያ ጠባብ ቋጠሮ። አንዲት ፍየል ብቻ ጮኸች። ዱዓሌ መሬት መሬት አየ።

ሃጂ ቢዳር ተነሥተው የፎጣውን ጫፍ ያዙና ሳብ አደረጉት። የሮብሌ ራስ ዝቅ አለ።

"ነቀነቀ?" ሲሉ ዱዓሌን ጠየቁት።

"ነቀነቀ።"

"ምን ጠየቅኩትና ነው እሺ ያለኝ?"

ዱዓሌ የፎጣውን ጫፍ አየ።

"የተስማማው ፎጣው ነው" አሉ ሃጂ። "ሂሳብህን ከፎጣው ተቀበል። በጎቹ ይመለሱ፤ ድርድሩ እንደገና ይጀመር።"

ሰዉ ግን አልሄደም። ለሮብሌ የሚወጣለትን አዲስ ስም እየጠበቀ ነበር። ሮብሌም ራቁት ራሱን ይዞ ቆሞ ስሙን ጠበቀ። ሃጂ ቢዳር ዱላቸውን አነሡ። "ቲማዌይን፣ ድርድርህን ጨርስና ቀውዳን ዘንድ ና" ብለው ሄዱ።

ቀውዳን ፀጉር አስተካካዩ ነው። ሮብሌ በጎቹን በደህና ዋጋ ገዝቶ ሲደርስ ሃጂ ቢዳር ወንበር አዘጋጅተው ይጠብቁት ነበር። ራሱን ወደ ብርሃኑ አዞሩ፣ እንደ ግመል ዳሰሱት፣ ጆሮውን ገልጠው አዩ።

"ይህ ራሰ በራነት አይባልም" አሉ በመጨረሻ። "ዝናብ ዘልሎ ዘልሎ የጣለበት ግጦሽ ነው። እዚህ ጥሎ እዚያ ትቶታል። ቀውዳን፣ አስተካክለው።"

ቀውዳን ላጨው። አረፋው ሲጠረግ ድፍን፣ ልሙጥ፣ ክብ ያለ ራስ ወጣ። ሃጂ ቢዳር ከፊት አዩት፣ ከኋላ አዩት።

"ከኋላ ጉብታ የለውም?"

"ምንም የለውም፣ ሃጂ። ጉብታ ያለው የርስዎ ነው።"

ሃጂ ቢዳር የራሳቸውን ማጅራት ዳሰሱ። በሕይወታቸው እንዲህ ዝም ያሉበትን ቀን ቀውዳን አያስታውስም።

ሮብሌ ወንበሩ ላይ ዞረ። "ሃጂ፣ ዛሬ ስላዩት..."

"ዛሬ አይደለም ያየሁት። በጋው ሳይጋመስ ነው። መስጊድ ከኋላህ ነበርኩ፤ ለስግደት ሱጁድ ስትወርድ ገና ያልቋጠርከው ፎጣህ ተንሸራተተ።"

"ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ያውቁ ነበር?"

"አውቅ ነበር።"

"ታዲያ እንዴት ዝም አሉ? እርስዎ?"

"ደላላ ነኝ። ባለቤቱ ገበያ ባላወጣው ግመል አልደራደርም።" ከቀውዳን መደርደሪያ ላይ የዘይት ጠርሙስ አነሡና በመዳፋቸው አፈሰሱ። ዘይቱን ራሱ ላይ ቀስ ብለው ቀቡት፤ እጃቸው ሸካራ ነበር። "የመጀመሪያዎቹ ቀናት ፀሐዩ ያቃጥላል። ለእኔ ይህን የነገረኝ አልነበረም። ቆዳዬ ተላጠ፤ ሰዉ ሳቀ፤ እኔም አብሬ ሳቅኩ። ሌላ ምን አደርጋለሁ?"

ሮብሌ ፎጣውን ሊጠመጥም አነሣውና ትከሻው ላይ ጣለው።

ወደ ሰፈር አብረው ሄዱ። ፀሐይዋ ዘቅዘቅ ብላ በጎን ታበራ ነበር። ሃጂ ቢዳር ዘንድሮ ስለ ቀረው ዝናብ፣ ስለ ዱዓሌ ከባድ እጅ፣ ስለ በርበራ ሙቀት ያወራሉ፤ ያገኙትን ሁሉ አስቁመው ግንባሩን ይመረምራሉ። ሮብሌ ጥቂት ከሄደ በኋላ አንድ ነገር ልብ አለ። መንገዱ በታጠፈ ቁጥር ሽማግሌው ወሬያቸውን ሳያቋርጡ ጎን ይቀይራሉ፤ አንዴ በቀኙ፣ አንዴ በግራው ይሆናሉ፤ ረጅሙ ጥላቸው ሁልጊዜ በተላጨው ራሱ ላይ እንዲያርፍ።