ማን ሩጥ አለህ?

እኔ የምለው፣ የኳስ ተጫዋች እረፍት ሲወጣ የት ነው የሚያርፈው?

ድሮ ቢሆን እንዲህ ብሎ የሚጠይቀኝን ሰው እስቅበት ነበር። ዓመቱን ሙሉ ሲጫወት የከረመ ሰው ደግሞ ከምን ሊያርፍ ነው? እኛ ላስታዎች እረፍት እናውቃለን። ወራችን በበዓል የታጠረ ነው። በሚካኤል ማረስ የለም፣ በማርያም ማረስ የለም፣ በመድኃኔዓለም ማረስ የለም። በዓል ሽሮ ያረሰ ሰው በሬው ቢሰበርበት ደግሞ አጽናኝ አያገኝም። «ማን እረስ አለህ?» ይባላል፣ በቃ። ከዚያ ወዲያ ያለው የእግዜርና የበሬው ጉዳይ ነው።

ይህ ሕግ ለሰው ልጅም እንደሚሠራ ያወቅሁት በጎረቤቴ በእትዬ ዝማም ልጅ፣ በምስጋናው ነው።

እኔ ሙላው እባላለሁ። ላሊበላ ፍርድ ቤቱ በር ላይ ጃንጥላ ተክዬ ለሰው ማመልከቻ እጽፋለሁ። ራፖር ጸሐፊ ይሉናል። የድንበር ጠብ፣ የውርስ ጠብ፣ የባልና ሚስት ጠብ፣ ሁሉም በእኔ ብዕር ያልፋል። አንድ ጊዜ አንዲት ሴትዮ የጎረቤታቸው ድመት ጫጩት በልታባቸው መጡ። ቸኩዬ ስጽፍ ድመቷን ተከሳሽ አድርጌ ቁጭ! ዳኛው አንብበው፣ «ሙላው፣ ለተከሳሽ መጥሪያው ደርሷታል?» አሉኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ ያለ መነጽር አልጽፍም፣ አላነብምም።

ይህን የምነግራችሁ የምስጋናውን ውል ያነበብኩት በመነጽሬ እንደነበር እንድታውቁልኝ ነው።

ምስጋናው ግራ እግር ነው። በግራ መስመር ሲሮጥ ተከላካዮቹ ጥሎት የሄደውን አቧራ ነበር የሚይዙት። ወልድያ ተጫውቶ፣ ደሴ ተጫውቶ፣ በመጨረሻ አንድ የቆላ ከተማ ክለብ አስፈረመው። ስሙን አልጠራውም፤ ክለቡ ዛሬም አለ፣ እኔም ገና መኖር እፈልጋለሁ። ውሉን ይዞልኝ መጣ። ስምንት ገጽ። እትዬ ዝማም አጠገቤ ተቀምጠው፣ «ሙላው፣ ደህና አድርገህ እይልኝ፤ ልጄን በወረቀት እንዳይወስዱብኝ» አሉኝ።

አየሁ። ደመወዙን አየሁና አንዴ ተነፈስኩ። ገጽ ስድስት ላይ ደግሞ እንዲህ ይላል፦ ተጫዋቹ በክለቡ ልምምድ ወይም ውድድር ላይ ጉዳት ከደረሰበት ክለቡ ያሳክመዋል፣ እስኪድንም ደመወዙን ይከፍለዋል። ጮክ ብዬ ሁለት ጊዜ አነበብኩላቸው። እትዬ ዝማም እጃቸውን ወደ ሰማይ ዘረጉ። እኔም፣ ደግ ክለብ ነው፣ ፈርም አልኩት። በሬ ሆይ፣ ሣሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ! እንዲህ የሚለው ተረት ለበሬ ብቻ ይመስለኝ ነበር።

የመጀመሪያው ዓመት ጥሩ ነበር። ምስጋናው የእናቱን ቤት ቆርቆሮ አስመታ። ሰኔ ላይ ውድድሩ ሲያልቅ ለእረፍት መጣ። መጣ እንጂ አላረፈም። የአካል ብቃት አሰልጣኛቸው፣ ከድር የሚባል፣ በስልካቸው ግሩፕ ላይ የድምፅ መልእክት ልኮባቸዋል። እኔም ሰምቼዋለሁ። «ስሙኝ ልጆች፣ በየቀኑ ዳገት ትሮጣላችሁ። ነሐሴ መጨረሻ ላይ እመዝናችኋለሁ፣ አስሮጣችኋለሁ። ሆድ ይዞ የመጣ ተጠባባቂ ወንበር እንኳ አያገኝም» ይላል። ድምፁ ቁጡ ነው፣ መጨረሻ ላይ ግን «እናቶቻችሁን ሰላም በሉልኝ» ብሎ ይዘጋል።

ላስታ ላይ ዳገት ይጠፋል? በየማለዳው ከከተማው ወደ አሸተን ማርያም ይወጣል፣ ይወርዳል። አንድ ሽማግሌ መነኩሴ በሦስተኛው ቀን አስቆሙትና ማን እያሳደደው እንደሆነ ጠየቁት። አሰልጣኜ ነው አላቸው። ወደ ኋላው አይተው ሰው ሲያጡ፣ የት አለ ታዲያ? አሉት። ስልኩን አውጥቶ አሳያቸው። አማተቡና አሳለፉት።

ቤት ውስጥ ደግሞ ሌላ ጣጣ። እትዬ ዝማም ለልጃቸው ያስቀመጡት ቅቤ ነበር። እሱ ቅቤ አልበላም፣ ይመዝኑኛል አለ። እሳቸው፣ በግ ነው እንዴ የሚመዘነው? ብለው ተቀየሙ። ሁለት ቀን አላናገሩትም። በሦስተኛው ቀን ቅቤውን ወጡ ውስጥ ደብቀው ጨመሩት። እሱም እያወቀ እንዳላወቀ ሆኖ በላ። ለዚያ ሲል አንድ ዙር ጨምሮ ሮጠ።

ነሐሴ አጋማሽ ላይ ሌሊቱን ሲዘንብ አድሮ ነበር። ጠዋት ሲወርድ ድንጋዩ አንሸራተተው፤ ግራ እግሩ ስንጥቅ ውስጥ ገብቶ ቀረ፣ ሰውነቱ ግን ወረደ። ገበያ ይወርዱ የነበሩ ሰዎች በቃሬዛ ይዘውት መጡ። እትዬ ዝማም ሲያዩ አልጮኹም። ነጠላቸውን አጥብቀው ታጠቁና ቃሬዛውን በአንድ በኩል ያዙ።

ወጌሻው መጣ። ጉልበቱን ዳብሶ ዳብሶ እጁን ሰበሰበ። «አጥንት ቢሆን የኔ ነበር፤ ይሄ የኔ አይደለም» አለ። ደግ ሰው ነው፤ የማያውቀውን አያውቅም። ሐኪሙም ያንኑ በፎቶ ነገረን። የጉልበቱ ጅማት ተበጥሷል፤ አዲስ አበባ ሄዶ ቀዶ ሕክምና ያስፈልገዋል፣ ቶሎ።

ምስጋናው ለክለቡ ደወለ። ሥራ አስኪያጁ እግዚአብሔር ይማርህ አለው። ቀጠለና፣ በልምምድ ላይ ነው? አለው። አዎ፣ ስሮጥ ነው። የት ስትሮጥ? አገሬ። መቼ? ዛሬ ሳምንት። «እንግዲህ በእረፍትህ ላይ ነዋ» አለው። የመስከረም ደመወዝ አልገባም።

ገጽ ስድስትን አወጣሁ። «በክለቡ ልምምድ ወይም ውድድር ላይ።» እዚያው ነበረች፤ በመነጽሬ ሁለት ጊዜ አንብቤያታለሁ። «ክለቡ ባዘዘው ልምምድ፣ በየትም ቦታ» ቢባል ኖሮ ምን ነበረበት? ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ። ለመሆኑ ልጁ ክረምቱን ሙሉ ዳገት የወጣው ለማን ነው? ለራሱ ሠርግ ነው? ባይሮጥ ይቀጡታል፤ ሮጦ ቢሰበር ማን ሩጥ አለህ ይሉታል። እንዲህ ያለ ወጥመድ ለጅብም አይዘጋጅም።

በዕድሜዬ ከጻፍኳቸው ሁሉ የሚበልጠውን ማመልከቻ ጻፍኩ። ይዘነው ሄድን፤ እሱ በክራንች፣ እኔ በኮት። አውቶቡሱ ከተማው ያደረሰን በማግስቱ ማለዳ ነው። መናኸሪያው ላይ አንድ ቀጭን ሰው ቆሞ ይጠብቀናል፤ ምስጋናው ደውሎለት ኖሯል። አሰልጣኝ ከድር ነበር። ምስጋናውን አቅፎ ክራንቹን ተቀበለው፤ ቁርስ ጋበዘን። እሱ ግን አልበላም።

«ምሴ፣ ያ ድምፅ ስልክህ ላይ አለ?» አለው።

«አለ።»

«ክለቡ የክረምት ልምምድ እንድሰጥ በጽሑፍ አላዘዘኝም። በቃል ግን ወፍረው ከመጡ አንተን ነው የምናየው ብለውኛል። ድምፁ ከወጣ በራሱ ሥልጣን ነው ያዘዘው ይሉና ይጥሉኛል። ውሌ በዚህ ወር ነው የሚታደሰው። አራት ልጆች አሉኝ።» ቀና ብሎ አየውና፣ «አታውጣው አልልህም። ወላሂ አልልህም። ያልኩህ እኔ ነኝ» አለ።

እኔ በልቤ፣ ጎሽ፣ ምስክራችን በገዛ አፉ አመነ እያልኩ ነበር። የሙያ በሽታ ነው።

ሥራ አስኪያጁ ጨዋ ሰው ነው። ከወንበሩ ተነሥቶ ተቀበለን፣ ለስላሳ አስመጣልን። ጸሐፊዋ ቃለ ጉባኤ ልትይዝ ተቀመጠች። ማመልከቻዬን አንብቦ አማርኛዬን አደነቀልኝ። ከዚያ ወደ ምስጋናው ዞረ።

«አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅህ። ማን ሩጥ አለህ?»

ክርኔን ወደ ምስጋናው ጎን ላክሁ። ስልኩ ኪሱ ውስጥ ነው። አንድ ጊዜ መንካት ነው የቀረው። ምስጋናው ጉልበቱን አየ። ከዚያ በሩን አየ።

«ማንም» አለ። «እኔው ነኝ የሮጥኩት።»

ጸሐፊዋ ጻፈች። እሱ ፈረመ። እኔንም ምስክር ሆኜ እንድፈርም ጠየቁኝ። ምን ልበል? ከአፉ የወጣውን ሰምቻለሁ። ፈረምኩ።

ስንመለስ እስከ ደሴ ድረስ አላናገርኩትም። ደሴን ስናልፍ አልቻልኩም፤ ለሰው ሲል ራሱን የሚገድል ሞኝ አልኩት፣ እናትህን ምን ልበላቸው አልኩት። ፊቱን ከመስኮቱ ሳያነሣ፣ «ጋሼ ሙላው፣ የኔ ጉልበት አንዴ ተበጥሷል። እሱን ብበጥሰው የኔ ይቀጠላል?» አለኝ።  ለእናቱ፣ ክለቡ እንቢ አለ ብቻ አልናቸው።

ቀዶ ሕክምናው ቶሎ ነበር የተባለው። ጓደኞቹ ተጫዋቾች ከየኪሳቸው አዋጥተው አዲስ አበባ ያስገቡት ግን የካቲት ላይ ነው። ሐኪሙ፣ ትራመዳለህ፣ ኳስ ግን ተመልከት እንጂ አትጫወት አለው። ሃያ ሦስት ዓመቱ ነበር። አሁን ባጃጅ ይነዳል። መኪና ማቆሚያው ላይ ወጣቶች ኳስ ሲያንከባልሉ ካየ መንገድ ይቀይራል። ተሳፋሪው ይነጫነጫል፤ እሱ መንገዱ ተበላሽቷል ይላል።

የከድር ነገርስ? ውሉን አደሱለት። ቡድኑ ግን በዚያ ዓመት ተሸነፈ፣ አሁንም ተሸነፈ፤ ሚያዝያ ላይ አባረሩት። በተባረረ በሳምንቱ በራሱ እጅ የጻፈው የምስክርነት ቃል በፖስታ ደረሰኝ። ሩጡ ብዬ ያዘዝኩት እኔ ነኝ፤ ክለቡም ያውቅ ነበር ይላል። ዘልዬ ተነሣሁ። ደብዳቤውንም፣ ድምፁንም አያይዤ የክለቦችን ክርክር ለሚያየው ኮሚቴ ይግባኝ አልኩ።

መልሱ ግማሽ ገጽ ነበር። ምስክሩ ከሥራ የተሰናበተ ስለሆነ በቂም የተናገረ ሊሆን ይችላል። ድምፁም የአሰልጣኙ እንጂ የክለቡ ትእዛዝ አይደለም። ከሁሉ በላይ ግን ተጫዋቹ ራሱ ማንም አላዘዘኝም ብሎ በቃለ ጉባኤ ፈርሟል። ምስክር፦ አቶ ሙላው። አያችሁ? ሰውየው ሥራ እያለው መመስከር አልቻለም፤ መመስከር ሲችል ሥራ ስለሌለው አልታመነም። እኔ ደግሞ ደንበኛዬን በገዛ ፊርማዬ ረታሁት። ከድመቷ ወዲህ እንዲህ አፍሬ አላውቅም።

ባለፈው ጥቅምት ከድር ላሊበላ ድረስ መጣ። ከአውቶቡስ ሲወርድ አንድ ኩንታል የሚያህል ብርቱካን ተሸክሟል። ምስጋናው በባጃጁ ይዞት እናቱ ቤት አመጣው፤ እኔም ተጠራሁ። እትዬ ዝማም እንግዳው እስላም መሆኑን ሲሰሙ ሽሮ ሠሩ፤ «የጾም ነው፣ ምንም የለበትም፣ ይብሉ» አሉት። ከድር እጁን ታጥቦ ተቀመጠና ሳይቆርስ ቀረ።

«እናቴ» አለ። «ልጅዎን ሩጥ ያልኩት እኔ ነኝ። ጽሕፈት ቤት ማን አዘዘህ ሲሉት፣ ከሥራዬ እንዳልወጣ ብሎ ማንም አላዘዘኝም አለ። የሚከፈለው ካሣ በዚያ ቀረ። ይህን ሳይሰሙ እንዳይቀሩ ነው የመጣሁት።»

ምስጋናው አንገቱን ደፋ። እትዬ ዝማም ልጃቸውን አዩ፣ እኔን አዩ፣ እንግዳውን አዩ። እንጀራውን ራሳቸው ቆርሰው፣ ጠቅልለው፣ ለከድር አጎረሱት። እየጎረሰ ያለቅስ ነበር። 

እንግዳውን ሸኝተን ስንመለስ በር ላይ እጄን ያዙኝ።

«ሙላው፣ ይህን ሰውዬ ለምን አባረሩት?»

«ቡድኑ ተሸንፎ ነው።»

«ለምን ተሸነፈ?»

«በግራ በኩል የሚሮጥ አጡ» አልኳቸው።

እጄን ሳይለቁ፣ «እንግዲያ ልጄ ዝም ያለው ማን ሥራው ላይ እንዲቆይ ነው?» አሉኝ።

እውነቱን ነገርኳቸው። ሥራ አስኪያጁ፣ አልኳቸው፣ ዘንድሮም እዚያው ወንበር ላይ ነው።