ወደ ውጭ አገር የሄደችው እናት

መርዶ ላይ እኛን የሚያህል የለም። ሞት ለመንገር ዘመድ እንሰበስባለን፣ ንጋት እንጠብቃለን፣ የሐዘንተኛውን ግራና ቀኝ የሚይዙ ጠንካራ ሰዎች እናዘጋጃለን። መርዶ የሚረዳው ሕፃን ሲሆን ግን ያ ሁሉ ጥበብ ይጠፋና አንድ ነገር ብቻ ይቀራል፦ «ውጭ አገር ሄዳለች።»

የአምስት ዓመቷ ልጄ የማክዳ እናትም ውጭ አገር ናት። ባለቤቴ ከሞተች አራት ወር ሆነ። የቀብሩ ዕለት ማክዳን እህቴ ቤት ወሰዷት፤ ስትመለስ ድንኳኑ ተነስቷል። አገሩን ስትጠይቀኝ አንድ ቀን ካናዳ፣ ሌላ ቀን ዱባይ እላለሁ። ባለቤቴ በሕይወቷ ከናዝሬት አልፋ አታውቅም።

በዚህ መሀል መሥሪያ ቤታችን ሜክሲኮ አካባቢ አዳራሽ ተከራይቶ «የስሜት ብልህነት» የሚባል ስልጠና አስገባን። አሰልጣኙ ሽክ ያለ ወጣት ነው። ዘመናዊ ሰው ስሜቱን አይደብቅም አለን። ሲዞር ሲዞር እኔ ጋ ደረሰና ለዛሬው ስሜቴ ከአሥር ስንት እንደምሰጠው ጠየቀኝ። የመዝገብ ቤቱ ጋሽ ታደሰ ቀድመውኝ «ተወው ልጄ፣ ሚስቱ ሞታበት ነው» አሉት። ደነገጠና ለሻይ እንውጣ አለ። ስሜት የሚያስተምር ሰው ስሜት ሲገጥመው ወዴት ይሸሻል? ወደ ሳምቡሳ።

ደግሞ ማን ነኝና እስቃለሁ? አራት ወር ሙሉ ከአንዲት ሕፃን ስሸሽ የከረምኩ ነኝ። የምስክር ወረቀቴን ተቀብዬ በእግሬ ወደ ልደታ ስመለስ ዛሬ እነግራታለሁ ብዬ ቆረጥኩ። ዓይኗን እያየሁ፣ በቀላል ቃል፣ አሰልጣኙ እንዳለው።

ማክዳን የሚጠብቁልኝ ጎረቤታችን እትዬ አስካለ ደረጃው ላይ ጠበቁኝ። ዓይናቸው ቀልቷል። ለካ የግቢው ልጆች ድሮ ነግረዋታል፤ ድንኳኑን አይተው የለ! ታዲያ ለምን ዝም አልሽ ቢሏት፣ «አባዬ ገና አልሰማም» አለቻቸው። «ካናዳ ናት እያለ ነው። ብቻውን ሆኖ እንዳትነግሩት፣ ይወድቃል። አክስቴ ስትመጣ ይዘነው እንነግረዋለን።»

ገባሁ። ማክዳ ሮጣ መጣችና ፊቴን አየት አድርጋ፣ «አባዬ፣ እማዬ ዛሬ ደወለች?» አለችኝ።

የምስክር ወረቀቱ እጄ ላይ ነው። «ደውላለች፣ ሰላም ብላሻለች» አልኳት።

ለእኔ ስትል ደስ አላት።