«ለሁሉም ይድረስ» ባዩ ምንያህል

የአንድ ሰው ዕድሜ ተወቅቶ፣ ተነፍቶ፣ ግርዱ ከተለየ በኋላ ስንት ቁና ፍሬ ይወጣዋል? ጥያቄው የፈላስፋ ይመስላል እንጂ የገበሬ ነው። ፈላስፋ መች ሰፍሮ ያውቅና!

በየሰፈሩ፣ በየመሥሪያ ቤቱ፣ በየዘመዱ መሐል አንድ የማይጠፋ ሰው አለ፤ ያለችውን ሳያካፍል መጉረስ የማይሆንለት። እናንተም ታውቁታላችሁ። አውቶቡስ ሞልቶ በሩ ሊዘጋ ሲል «ጠጋ ጠጋ በሉ እንጂ፣ ለሁሉም ይድረስ» የሚለው እሱ ነው። ድግስ ቤት ጭልፋውን ለእሱ ከሰጣችሁት ሁሉም ይደርሰዋል፤ የሚጠግብ ግን የለም። አንዲት ብርቱካን እጁ ከገባች የሠርግ አጃቢ ታዳርሳለች። እንዲህ ያለውን ሰው መሳደብ ነውር ነው፤ አጠገቡ መቀመጥ ደግሞ ረሃብ።

በአሶሳ ዙሪያ፣ ደርግ ከወሎ አምጥቶ ካሰፈራቸው መንደሮች በአንዱ፣ የዚህ ወገን አለቃ ክቡር አቶ ምንያህል ነበር። እንግዳ በበዛ ቁጥር ሚስቱ የሻረግ የሠራችው ወጥ ላይ ውሃ ይጨምራል።

«አንተ ሰውዬ፣ ይሄ እኮ ወጥ ነው፣ ወንዝ አይደለም!» ትለዋለች።

«አብሽሪ የሻረግ። ቀጭን ወጥ ሰው አያስቀይምም። ሰው የሚያስቀይመው ባዶ ሳህን ነው።»

ይህን ከመጽሐፍ አላገኘውም። በሰባ ሰባቱ ድርቅ፣ መጠለያ ውስጥ ተሰልፎ ሳለ፣ ምግቡ ለእሱ ደርሶ ከኋላው የቆመችው ሴትዮ ላይ አለቀ። ሴትዮዋ ሳህኗን ገልብጣ ደረቷ ላይ ያዘችና ሄደች። ምንያህል ዕድሜውን ሙሉ ሲያቀጥን የኖረው ለዚያች ሳህን ነው።

ክልሉ ገና ክልል የሆነ ሰሞን ነበር። የቢሮዎቹ ቀለም አልደረቀም፤ ባለቤቱ ማን ነው፣ እንግዳውስ ማን ነው የሚለው ሹክሹክታም አልደረቀም። በዚህ መሐል ለሰፋሪዎቹ የአረም መድኃኒት መጣ፤ ለምንያህል ደግሞ በጀርባ የሚታዘል መርጫ ተሰጠው። ከመዘራቱ በፊት ማሳው ላይ ሲረጭ አረሙን ሁሉ የሚያደርቅ ተአምር ነው። ሙጃ የሚባለው ያ ክፉ ሳር እንኳን ሳይሰነብት ገለባ ይሆናል። በቆሎውም አኩሪ አተሩም በጠራ መሬት ላይ ይበቅላል።

ችግሩ መድኃኒቱ የተለካው ለሰፋሪው ማሳ ብቻ መሆኑ ነው። ከቦዩ ማዶ ደግሞ የሙርሳል ማሳ አለ። ሙርሳል የበርታ ብሔረሰብ ሰው ነው፤ ምድሩ የአያት የቅድመ አያቱ ነው። ምንያህል መርጫውን እንዳዘለ ቦዩ ዳር ቆሞ አሰበ፤ ማዶ ሙርሳል ጎንበስ ብሎ በእጁ ያርማል።

«ባለ አገሩ ወገቡ እየተቆረጠ እኔ እንግዳው ተንፈላስሼ ልርጭ? ኧረ ነውር ነው! ለሁሉም ይድረስ» አለና፣ ሙሉ የጠርሙስ ክዳን ይጨመርበት የተባለውን ግማሽ ክዳን አድርጎ በውሃ አቀጠነው። ቦዩንም ተሻገረ።

ሙርሳል ፈሳሹን አሽትቶ ፊቱን አዞረ። «ያ ዶክተር! ይሄ ነገር ውሃ ነው፣ መድኃኒት ነው?»

«የሁለቱ ልጅ ነው። አንተ ብቻ ከነፋሱ ዞር በል።»

ዶክተር የሚለው ማዕረግ ከዚያ ቀን ጀምሮ ጸደቀ። ምሩቃኑ ከስማቸው ፊት ከሚጽፉት ይልቅ ይከበር ነበር፤ ምክንያቱም ዶክተር ምንያህል ሁሉንም ቤት ድረስ ሄዶ ያክማል። ከሙርሳል ማዶ ያሉትም ጠሩት፤ መድኃኒቱ ደግሞ ቀጠነ። አረሙ ሞተ፤ ብቻ እዚህም እዚያም አንዳንድ ሙጃ ቢጫ ሆና ትቆይና መልሳ ታቆጠቁጣለች። ምንያህል አይቶ ያልፋታል። «ይቺ ብርቱ ናት። ትኑር፣ ከብት ይቅመሳት» ይላል። ለሳር እንኳን ማካፈል የማይሰለቸው ሰው።

ዓመት ዓመትን ሲተካ፣ አንድ ክረምት ሙጃው በመድኃኒቱ ላይ አረንጓዴ ሆኖ ቆመ። ዶክተር ሙሉ ክዳን አደረገበት። ወይ ፍንክች! ሁለት ክዳን አደረገበት። ሙጃው ታጥቦ የወጣ መሰለ።

«ዶክተር፣ ይሄ ሳር ሞተ አይደለም፣ ጠገበ ነው» አለ ሙርሳል። «ወላሂ፣ አንተ ምሳ አብልተኸው ነው!»

ማሳው ላይ የነበረው ሁሉ ሳቀ። ምንያህልም ሳቀ።

የልማት ሠራተኛዋ ሀዊ ግን አልሳቀችም። የባምባሲ ልጅ ናት፤ ረጋ ብላ ነው የምትናገረው። አንዱን ሙጃ ከሥሩ ነቅላ አገላብጣ አየችው።

«ጋሼ፣ መድኃኒቱ ሲቀጥን ደካማው ሞተ፤ ብርቱው ታመመና ዳነ። የዳነው ዘሩን አረገፈ። በዓመቱ የበቀለው የብርቱዎቹ ልጅ ነው። በእሱም ላይ ያንኑ መድኃኒት ደገማችሁበት።»

«ልጄ፣ በአጭሩ ንገሪኝ። የዘራሁት እኔ ነኝ?»

ሀዊ ወደ ቦዩ ዞረች። «እርስዎ ብቻ አይደሉም» አለች። ከዚህ የከፋ አዎንታ የለም።

ቀጥላ መላውንም ነገረችው። መድኃኒቱን ትቶ፣ ሙጃው ፍሬ ሳያረግፍ በእጅ መንቀል ነው። ግን ሁሉም ማሳ፣ በአንድ ሰሞን። አንዱ ከቀረ ዘሩ በጎርፍና በከብት እግር ይመለሳል።

የዚያን ቀን ቤታቸው እንግዳ ነበረ፤ ምንያህል ግን ወጡ ላይ ውሃ አልጨመረም። የሻረግ ደንግጣ ግንባሩን ዳሰሰችው። «አመመህ እንዴ?»

ከዚያ ወዲያ ዶክተራችን ሐኪምነቱን ትቶ ለማኝ ሆነ። መርጫውን ጓዳ ሰቀለ፤ ሳይጠሩት የሰው ማሳ ይገባል፤ በገበያ፣ በቤተ ክርስቲያን ደጅ፣ በሰው ሠርግ ላይ ሳይቀር ሙጃ ይዞ ይቆማል። «አበባ ልታወጣ ነው፣ እዩልኝ!» ይላል፤ ልጁን የሚድር እንጂ አረም የሚያወግዝ አይመስልም። ደቦ ይጠራል። «እሺ ዶክተር፣ ነገ» ይሉታል። ነገ ይመጣል፣ ሰው አይመጣም። ወገብ አንዴ መጎንበስ ከረሳ መልሶ ማስተማር ከባድ ነው። በዚያ ላይ «ከዚህ የበለጠ አዲስ መድኃኒት አሶሳ ደርሷል አሉ» የሚል ወሬ በየዓመቱ አይጠፋም። ሙርሳል ብቻ አልፎ አልፎ ብቅ ይላል፤ እያፌዘም ቢሆን ይነቅላል። የሁለት ሰው እጅ ደግሞ የአገር ሙጃ መች ያነሣል?

በመጨረሻ ምንያህልን ጉበቱ ጣለው። መስከረም ነው፤ ሙጃው ፍሬ ቋጥሯል፣ ገና አላረገፈም። ተኝቶ ሲያወጣ ሲያወርድ ሰነበተና አንድ ቀን ፊቱ ድንገት በራ። አገሩን በሙሉ፣ ከቦዩ ወዲህም ከቦዩ ወዲያም፣ በአንድ ቀን የሚሰበስብ ነገር ምንድን ነው? ለቅሶ! ለለቅሶ «እሺ፣ ነገ» የሚል ሰው የለም። ዕድሜውን ሙሉ ሲጠራው ያልመጣ ደቦ በሞቱ ሊመጣ ነው።

የሻረግንና ሙርሳልን አልጋው አጠገብ ጠርቶ አሳቡን ነገራቸው። የሻረግ፣ «ሟርተኛ! አፍህን ያዝ!» ብላ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች።

ሙርሳል አገጩን አሸት አሸት አደረገ። «ዶክተር፣ ሰው የሚመጣ ለማልቀስ ነው። ለማረም አይደለም።»

«አንተ ብቻ ጀምርላቸው። ይከተሉሃል።»

ሙርሳል እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ «ኢንሻአላህ» አለ።

ምንያህል በሳምንቱ አረፈ። ከሆሞሻ፣ ከባምባሲ ሳይቀር ሰው መጣ። ቄሱም ሼኩም መጡ። ግቢው አልበቃ ስላለ ድንኳኑ አኩሪ አተሩ ዳር ተተከለ፤ ፍሬ ያዘለው ሙጃ በድንኳኑ ጎንና ጎን ቆሞ አብሮ የሚያስተዛዝን መሰለ። በማግሥቱ ሙርሳል ከመካከል ተነሥቶ ወጣ፤ ማሳው ውስጥ ገብቶ ጎንበስ አለና መንቀል ጀመረ። አንድ ሽማግሌ ተከትለው በክንዱ ያዙት።

«ሙርሳል ወንድሜ፣ ኀዘኑ ነው እንዲህ ያደረገህ። ና፣ ተቀመጥ። በዶክተር ለቅሶ ላይ ማን ሥራ ይሠራል?»

«እሱ ነው ያለ። እሱ አለኝ» አለ ሙርሳል።

«አውቃለሁ፣ አውቃለሁ» አሉት ሽማግሌው፤ ያላወቁትን ነገር። እያባበሉ መልሰው አስቀመጡት። የነቀላት ሙጃ ጭኑ ላይ ስትራገፍ ዋለች።

ደግነትም እንደ መድኃኒት ልክ ይኖረው ይሆን? ልኩን ያላወቀ ደግ ስንቱን እንደሚያበላሽ ከዚያ ማሳ የበለጠ ምስክር የለም። ግን ምንያህል የታዘዘውን ሙሉ ክዳን ጨምሮ፣ የራሱን ማሳ ብቻ ረጭቶ ቤቱ ቢገባ ኖሮ፣ ያን ቀን ከቦዩ ማዶ ማን ያለቅስለት ነበር? ቁና ይዞ የሚሰፍር ካለ ይስፈረው።

ሦስት ቀን ተቀመጡለት። ከአገሩ ሰው ማንም አልጎደለም፤ በዚያ አገር እንዲህ ያለ ክብር ያየ ሰው አልነበረም። በሦስተኛው ቀን ሲነሡ፣ የሙጃው ፍሬ በጋቢያቸውና በነጠላቸው ተጣብቆ ወደየማሳቸው አብሯቸው ሄደ። የሻረግ ብቻ ባዶው ድንኳን ውስጥ ቀርታ፣ አልጋው ላይ ሆኖ ያላትን፣ በሦስቱ ቀን ለማንም ያልነገረችውን አደራ፣ ለራሷ ትደጋግም ነበር፦

«የሻረግ፣ አደራ፣ ሲመጡ ንገሪያቸው። አትቀመጡልኝ፤ ጎንበስ በሉልኝ። አንድ አንድ እፍኝ ብቻ ንቀሉልኝ።»